የቀኝ ጆሮ ሄልሜት

ማርቆስን እላችኋለሁ፣ ይህ የምነግራችሁ ነገር ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ያላመነ ሰው ደብረ ማርቆስ ይምጣና የደምለውን ቤት ይጠይቅ። ደምለው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከበር በር እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ስለኖረ፣ እንኳን ሰዉ ውሻው ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ የገና ዋዜማ ዕለት ጠዋት፣ ይህ የስልሳ ሦስት ዓመት ሰውዬ ጋቢውን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ራሱ ላይ ብረት ድስት ደፍቷል። ሚስቱ ሥራነሽ ፊት ለፊቱ ቆማ ድስቱን በማማሰያ ትመታዋለች። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ አናቱ ላይ። «አመመህ?» ትለዋለች። «ኧረ ምንም» ይላል ከድስቱ ሥር። ጠንከር አድርጋ ትደግመዋለች። «አሁንስ?» «ጆሮዬ ውስጥ ተደወለ እንጂ አላመመኝም።» በአምስተኛው ምት ላይ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ሄደና፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየው ዲያቆን ቅዳሴ ያመለጠው መስሎት ነጠላውን እያጣፋ በሩጫ ወጣ።

ድስቱን ያመጣው ራሱ ደምለው ነው። ሥራነሽ «ዘንድሮ ራስህን ሳትሸፍን የገና ሜዳ ላይ አትቆምም» ብላ ከማለች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። መሐላዋ ደግሞ የአፍ ብቻ አይደለም። ቆልማማ የገና ዱላውን፣ ያቺን አባቱ ከወይራ ቀርፀው የሰጡትን፣ ከበዓል ቀሚሷ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራዋለች። ደምለው ከዐሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ አንድም የገና ጨዋታ ቀርቶ አያውቅም። ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ተጫውቷል፤ ሙሽራ ሳለ ሁለት ጥርሱን ሜዳ ላይ አስረክቦ ተጫውቷል። ነገ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሲገጥሙ እሱ ከሌለ፣ ከነገ ወዲያ በከተማው ውስጥ በምን ፊቱ እንደሚሄድ አያውቀውም። «እንግዲያ ድስት ልድፋልሽ» አለ ለማፌዝ። ሥራነሽ ፌዝ አይገባትም፤ ወይም የማይገባት ትመስላለች። ተነሥታ ማማሰያውን አመጣች።

ነገሩ የመጣው ከአምና ነው። አምና ጥንጓ፣ ያቺ ከእንጨት የምትቀረፅ የገና ኳስ፣ በሁለት ሰው እግር መካከል ስትገባ ሁለት ዱላ ባንድ ጊዜ ተሰነዘረ። አንዱ የደምለው ነበር፤ ሌላው ለታች ሰፈር የሚጫወተው የታናሽ ወንድሙ የአማረ። የአማረ ዱላ ጥንጓን ስታ ከደምለው ቀኝ ጆሮ በላይ አረፈች። ሰባት ስፌት። ደምለው ያኔውኑ ራሱን በነጠላ ጠምጥሞ ጨዋታውን ጨረሰ፤ ከዚያ ሄዶ ተሰፋ፤ ማታም ዶሮውን በልቶ ጠላውን ጠጥቶ እንደ ሕፃን ተኛ። የገና ሜዳ ላይ ለተመታ ሰው ክስ የለም፣ ቂም የለም፤ ይህ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ሕግ ነው። ጠቡ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። አማረ ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ፣ አንድ የደለበ በግ እየጎተተ፣ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የወንድሙን በር አንኳኳ። ይቅርታ ሊጠይቅ። ደምለው በሩ ላይ ቆሞ ድንጋዩን አየ፣ በጉን አየ፣ የተሰፋ ራሱን ዳበሰ። ለገና ዱላ ይቅርታ ማለት ምን ማለት ነው? ወይ ሆን ብሎ መቶኛል፤ ወይ ደግሞ አርጅቼ ሰው የሚያዝንልኝ ሆኛለሁ። የመጀመሪያውን ሊያልፈው ይችል ነበር። ሁለተኛውን ግን አልቻለም። «በግህን ይዘህ ሂድ» ብሎ በሩን ዘጋ። ሽማግሌዎቹ በሕይወታቸው ከነበጋቸው የተባረሩት ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም። አማረ ወፍጮ ቤት አለው፤ ሲያወራም ከሞተሩ ድምፅ በላይ መጮህ ስለለመደ ሰላምታው ሁለት ሰፈር ያቋርጣል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወንድሙን ሲያይ ዓመት ሙሉ እንደ ድንጋይ ዝም ያለው። የዝምታው ዋጋ ግን የተጣለው በሥራነሽ ላይ ነበር። የአማረ ወፍጮ ከቤታቸው ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ደምለው «የእሱ ዱቄት ቤቴ አይገባም» ስላለ ግን፣ ጤፏን ባጃጅ ላይ ጭና ከከተማው ማዶ ወዳለው ወፍጮ ትሄዳለች፤ ደርሶ መልስ መቶ ሃምሳ ብር፣ ወረፋው ግማሽ ቀን፣ ዱቄቱም እንደ አሸዋ የሚሻክር። ደምለው ራሱ ገበያ ሲወርድ በወፍጮ ቤቱ ላለማለፍ በመናኸሪያው በኩል ይዞራል። ሥራነሽ እንደምትለው፣ በዚህ አንድ ዓመት የዞረው መንገድ አንድ ላይ ቢቀጠል አዲስ አበባ አድርሶ ይመልሰዋል። እሷና የአማረ ሚስት የኔአለም ግን በወር አንዴ በማርያም ማኅበር ይገናኛሉ። እዚያ ጥግ ይዘው ምን እንደሚያወሩ የሚያውቅ ወንድ የለም።

«አጎንብስ እስቲ» አለችው ሥራነሽ። ደምለው ጥንግ እንደሚመታ ሰው አጎነበሰ። ድስቱ ተንሸራቶ አፍንጫው ላይ ተቀመጠ። ሥራነሽ ድስቱን ከፊቱ ላይ አንሥታ፣ ውስጡን አይታ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። «ይኼ እንኳ ነገ ሥራ አለው» አለች። «ተነሥ፤ ገበያ እንውረድ።»

የዋዜማ ገበያ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሽንኩርት ሻጩ ሽንኩርቱን እንደ ወርቅ ነው የሚመዝነው፤ የበግ ነጋዴውና ገዢው እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ሙሽራና ሚዜ ይሟገታሉ። ሥራነሽ መጀመሪያ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ በሺህ አራት መቶ ብር ገዛችና ለደምለው አስያዘችው። ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ሁሉ ደምለው ዶሮውን በግራ እጁ እንደያዘ አስቡት፤ እኔ በየመስመሩ አልደግመውም። ደምለውን የጨነቀው ግን ዶሮው አይደለም። ሄልሜት ሲገዛ የሚያየው ሰው ነው። ወሬው ታች ሰፈር ደረሰ ማለት፣ ነገ ሜዳው ላይ «ደምለው ፈርቶ ቆብ ደፋ» ተብሎ ይዘፈናል። አማረም ይሰማል። ይቅርታውን አልቀበልም ብሎ በሩን የዘጋ ሰው፣ ዓመት ቆይቶ የወንድሙን ዱላ ፈርቶ መጣ ይባላል። ያለ ሄልሜት ደግሞ ሳጥኑ አይከፈትም። እንዲህ በሁለት ወገን ተይዞ ነው እንግዲህ ሥራነሽን ከኋላ ከኋላ የሚከተለው።

መጀመሪያ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ገቡ። ሚስማሩ በኪሎ፣ ቀለሙ በባልዲ ተደርድሯል። መሲ የምትባል ወጣት ሻጭ ቢጫ የግንበኛ ሄልሜት ከላይ አውርዳ አቧራውን ጠረገችለት። «ለምን ሥራ ነው ጋሼ?» አለችው። «ጣራ ልወጣ ነው» አለ ደምለው። «በገና ዋዜማ?» «ያፈሳል።» ዋጋው ሰባት መቶ ብር፣ ለእሱ ስድስት መቶ ሃምሳ። ገና ራሱ ላይ ከማድረጉ፣ ሲሚንቶ ሊገዛ የገባ አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ጠጋ አለና «ኢንጂነር፣ ይቅርታ፣ ለአርማታ ስንት ለስንት ነው የሚቦካው?» ብሎ ጠየቀው። ደምለውን በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኑ እንዲህ በአክብሮት የጠየቀው ሰው ስለሌለ «አንድ ለሁለት ለሦስት» ብሎ መለሰለት፤ ከየት እንዳመጣው እሱም አያውቅም። ሰውዬው አመስግኖ ጻፈው። ደምለው በዚህ ሄልሜት ልቡ ሊሸነፍ ምንም አልቀረው ነበር። «አጎንብስ» አለች ሥራነሽ። አጎነበሰ። ሄልሜቱ ወድቆ እየተንከባለለ ሚስማሩ ሥር ገባ። ገና ደግሞ አጎንብሰው እንጂ ቀጥ ብለው የሚጫወቱት ጨዋታ አይደለም።

ቀጥሎ የሞተር መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ሄዱ። እዚያ ያለው ሄልሜት ከአናት እስከ አገጭ የሚውጥ፣ ከፊት መስታወት ያለው ነው። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብር። ደምለው እየተጨናነቀ ገባበት። ውስጡ ሌላ አገር ሆነ። የገበያው ጫጫታ ጠፋ፤ የራሱ ትንፋሽ ብቻ ጆሮው ውስጥ እንደ በሬ ትንፋሽ ይመላለሳል። ሥራነሽ አፏ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ቃሏ ግን አይደርስም። በተጋቡ በአርባ ዓመታቸው እንዲህ ያለ ነገር ስላጋጠመው፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቆየበት። ከዚያ መስታወቱ በትንፋሹ ጉም ለበሰና ሁሉም ነገር ጠፋው። ሲያወጡት ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። «ይኼ አይሆንም» አለ። «ስድቡን ካልሰማሁ ምኑን ተጫወትኩት? ደግሞስ ፊቴ ካልታየ አማረ ማንን እንደገጠመ በምን ያውቃል?» የወንድሙን ስም በሚስቱ ፊት ከጠራ ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሥራነሽ አልሰማሁም ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ ሰልባጅ ተራም አመሩ።

ጌቾ ሰልባጅ ልብስ የሚሸጠው መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ነው። በዚያ ክምር ውስጥ የሌለ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ከኮት ኪስ ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ቲኬት አግኝቶ የመብራት ደረሰኝ ነው ብሎ ሊከፍል ሄዷል። ደምለው በአጠገቡ ሲያልፍ፣ ከሹራቦቹ ላይ አንድ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ነገር ተቀምጦ አየ። እንደ ቆብ ክፈፍ አለው፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ። በቀኝ በኩል ወደ ታች ወርዶ ጆሮን ይሸፍናል። በግራ በኩል ግን ምንም የለም።

«አንድ ጆሮው የት ሄደ?» አለ ደምለው።

«የትም አልሄደ ጋሽ ደምለው። ሲሠራም እንዲህ ነው» አለ ጌቾ። «አንዱ ጆሮ መከላከያ፣ አንዱ ጆሮ መስሚያ።»

«ታዲያ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ነው» አለች ሥራነሽ። «እኔንም የሚሰማኝ ባንዱ ነው።»

ሸራው ዳር ኮት ሲያገላብጥ የነበረው የሺዋስ ቀና አለ። የሺዋስ የስፖርት መምህር ነው፤ ነገ ጨዋታውን የሚዳኘውም እሱ ነው። ሄልሜቱን ተቀብሎ እንደ ሐኪም አገላብጦ አየው። «ይኼ የቤዝቦል ነው» አለ። «ጋሽ ደምለው፣ ውጭ አገር እንዲህ ያለ ጨዋታ አለ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው ዱላ ይዞ ይጠብቃል፤ መትቶ ይሮጣል።»

«ገና ነዋ።»

«ይመስላል። ግን ተራ በተራ ነው የሚመቱት።»

«እርስ በርስስ አይማቱም?»

«አይማቱም።»

«ታዲያ ይኼ ለምን አስፈለጋቸው?»

«ኳሱ በጣም ይፈጥናል፤ የሚመታው ሰው ወደ ወርዋሪው የሚያዞረውን ጆሮ ይጠብቃል።» ከኳስ የሚሸሽ ሕዝብ መኖሩ ደምለውን ትንሽ አሳዘነው። ሥራነሽ ግን ቲዎሪ አትወድም። ከአጠገቧ የቆመ አንድ ገበሬ የያዘውን ዘንግ «አንድ ጊዜ አውሰኝ ወንድሜ» ብላ ተቀበለች። ጌቾ ዕቃውን ማመኑን ለማሳየት ሄልሜቱን ራሱ ደፋ። «ይምቱ እትዬ፣ አይዘኑልኝ» አለ። ሥራነሽ አላዘነችለትም። ዘንጉ ሲያርፍ ጥግ ታስራ የቆመች አህያ ገመዷን በጠሰች። ጌቾ በዝግታ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ሹራቦቹ ላይ ተቀመጠ። «አያችሁ» አለ ትንሽ ቆይቶ፣ «ምንም አላመመኝም።» ያለው ግን ለአህያዋ ነው።

ደምለው አደረገው። አጎነበሰ፤ አልወደቀም። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፤ አልዞረም። ከቀኝ ጆሮው በላይ፣ ያ ሰባት ስፌት ያለበት ቦታ ላይ፣ ስፖንጁ እንደ ሞቀ እጅ አረፈበት። በግራ ጆሮው ገበያው ሁሉ ይሰማዋል። ጌቾ ስምንት መቶ አለ፣ ሥራነሽ ሦስት መቶ አለች፣ እየተሳቡ አምስት መቶ ላይ ተቀራርበው ሃምሳ ብር መካከላቸው ቆመች። ደምለው ሄልሜቱን አውልቆ፣ ሰው አይቶት እንደሆነ ዞር ዞር ሲል፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። ከጆሮ መሸፈኛው በላይ፣ የአራት ጣትና የአንድ አውራ ጣት ነጭ አሻራ። አቧራ እንዳይባል የገበያው አቧራ ቀይ ነው። በጥፍሩ ጫፍ ነካ አድርጎ አሸተተው። የስንዴ ዱቄት ነው።

«ይኼን ከእኔ በፊት ማን ነው የያዘው?» አለ።

ጌቾ ሥራነሽን አየ፣ ደምለውን አየ። ከተማው የሚያውቀውን ነገር እሱም ያውቃል። «ሁለት ነበሩ» አለ። «ያኛው የግራ ጆሮ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጋሽ አማረ ወሰዱት። የወፍጮው።»

የደምለው ፊት ጠቆረ። «ለማን ብሎ?» አለ። ነገሩ ሁሉ እዚህች ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሏል። አማረ ለወንድሙ ብሎ ከገዛው፣ ያው የአምናው ድንጋይ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ደምለው ሄልሜቱን ሹራቦቹ ላይ ጥሎ፣ ነገ ገናን ቤቱ ተቀምጦ ሊውል ነው።

«ለራሳቸው ነዋ» አለ ጌቾ። «ባለቤታቸው ራስህን ሳትሸፍን አትወጣም ብለው ዱላቸውን ደብቀውባቸዋል። እሳቸውም ዘንድሮ ወንድሜ አይምረኝም፤ እሱ ዱላ ሲሰነዝር ዛፉ ዞር ብሎ ያሳልፈዋል አሉኝ። ገበያው ሁሉ ነው የሰማቸው፤ ድምፃቸውን ያውቁት የለ።»

ሥራነሽ በኋላ ለየኔአለም እንደነገረቻት፣ ደምለው እዚያው ቆሞ ሳለ በቁመቱ ላይ አራት ጣት ጨመረ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ያዘነልህ ሰው ነው። ሄልሜት የሚገዛ ሰው ግን የፈራህ ነው። አማረ ፈርቶታል። አማረ፣ ያ ዐርባ ዓመት ሙሉ የኩንታል ጤፍ እንደ ትራስ የሚያነሣ፣ ከደምለው ዱላ ለመዳን ብር አውጥቷል።

«እኔን የገረመኝ» አለ ጌቾ፣ ሳይጠየቅ፣ «ሁለቱንም ሲለኩ ልካቸው ይኼ የቀኙ ነበር። የግራው ይጠባቸዋል፤ ሲያወልቁት ጆሯቸው ቀላ። የቀኙን ይውሰዱ ብላቸው እሺ አላሉኝም። ይዘው ቆዩ፣ ቆዩና መልሰው አስቀመጡት። የቀኙ ይቅር ብለው በጠባቡ ሄዱ።»

ደምለው ቀኝ እጁን አንሥቶ ጠባሳውን ዳበሰ። አውቆ አይደለም፤ እጁ ነው የሄደው። ከዚያ ሄልሜቱ ላይ ያለችውን የዱቄት አውራ ጣት አየ። ዘንድሮ ድንጋይ የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ በግ የለም። አንዲት ቃል እንኳ የለችም። አንድ ሰው ራሱን የሚያሳምም ሄልሜት መርጦ፣ የሚስማማውን በዚህ ሹራብ ላይ ትቶ ሄዷል፤ ያ ብቻ ነው። ሥራነሽ ሃምሳ ብሯን ትታ፣ ዕቃው ሳይጸዳ አይከፈልበትም ብላ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አሻራው ሰደደች። ደምለው እጇን ያዘ። «ተይው» አለ። ከዚያ ከኪሱ አምስት መቶ ሃምሳ ብር አውጥቶ፣ ሥራነሽ በሕይወቷ አይታ በማታውቀው ሁኔታ፣ ሳይከራከር ከፈለ።

ያም ሆኖ ሲመለሱ ሄልሜቱን ከሰው ለመሸሸግ አስቦ፣ እንደ ጎጆ ገልብጦ ያዘውና ዶሮውን ውስጡ አስቀመጠው። ዶሮው ስፖንጁ ተመችቶት ዓይኑን ከደነ። ሰላም የሚላቸው ሰው ሁሉ «ዶሮው ስንት ነው?» እንጂ ሌላ አልጠየቀም። እንዲህ እየሄዱ መገንጠያው ላይ ሲደርሱ፣ ያ ባንዱ ወደ መናኸሪያ ባንዱ ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚሄደው ቦታ ላይ፣ ዶሮው ነቃ። አንገቱን ከሄልሜቱ ጫፍ አሳልፎ ወደ ውጭ አየ፤ ዱቄት አየ፤ ዶሮ ነውና ለቀም አደረገ። የትንሿ ጣት አሻራ ሄደች። ሁለተኛውን ሊደግም ሲል ደምለው አንገቱን ይዞ አወጣው። «አንተ ሌባ» አለው። ሥራነሽ ዞር ስትል ዶሮው እጇ ላይ ነው። ባሏ ደግሞ መገንጠያው መሐል፣ ባጃጁ ሁሉ በሚያልፍበት፣ ሄልሜቱን ራሱ ላይ እያደረገ ነው።

«ሰው ያይሃል እኮ» አለችው።

«ይየኛ» አለ ደምለው፤ በወፍጮ ቤቱ መንገድም ወረደ።

የአማረ ወፍጮ ያን ቀን ለበዓል እህል ያመጡ ሴቶች ሰልፍ ነበረበት። ሞተሩ ይጮኻል፤ አማረ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ በር ላይ ቆሞ ጆንያ ይቀበላል። ሰልፉ መጀመሪያ ሥራነሽን አየ። ከዚያ ደምለውን አየ። አማረ ቀና ሲል ወንድሙ ከደጁ በዐሥር እርምጃ ላይ፣ አንድ ጆሮ ያለው ጥቁር ቆብ ደፍቶ ቆሟል። ቆቡ ላይ የራሱን የአማረን ጣቶች አየ። አፉን ከፈተ። ሥራነሽ በሆዷ «ማርያም፣ ይቅርታ እንዳይል» አለች። አማረ አፉን መልሶ ዘጋ። ጆንያውን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ደምለውን ከእግር እስከ ራስ ለካው፣ ነገ ሜዳ ላይ ሊገጥመው ያለውን ሰው እንደሚለካ አድርጎ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ። ደምለው የሄልሜቱን ክፈፍ በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገ፤ እንደ ሹመኛም አለፈ። ቤት ሲደርሱ ሥራነሽ ማተቧን ፈትታ ቁልፉን አውጥታ ሰጠችው።

በማግሥቱ ሜዳው ላይ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። አማረም የግራ ጆሮውን ሸፍኖ፣ ሄልሜቱ ጠብቦት ፊቱ ወዳንድ ወገን እንደ ዱባ አብጦ መጣ። የታች ሰፈር ልጆች ደምለውን ሲያዩ እንዲህ ብለው ጀመሩ፤

የላይ ሰፈር ጎበዝ ምን ጉድ ነው ያመጣ፣
አንድ ጆሮ ይዞ ለጨዋታ ወጣ።

ላይ ሰፈሮች ሊመልሱ ሲሉ አማረን አዩ፤ ያንኑ ዘፈን ላይና ታቹን ብቻ ቀይረው መለሱ። ሕዝቡ ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። ጨዋታው ሲጋጋል ጥንጓ በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል ገባች፤ ልክ እንደ አምናው። የደምለው ወይራ ተነሣች፣ ጥንጓን ሳተችና የአማረን የግራ ጆሮ ፕላስቲክ «ቋ» አደረገችው። አማረ አንድ ጊዜ ተሽከርክሮ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሜዳው ዳር ሥራነሽና የኔአለም እጅ ለእጅ ተያያዙ። አማረ ግራ ጆሮውን ዳበሰ፣ ቀኝ ጆሮውን ዳበሰ፣ ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። ደምለው ዱላውን ተሸክሞ በላዩ ቆመ።

«ሽማግሌ ልላክልህ?» አለው።

በዓመቱ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። የአማረ ፊት ላይ መጀመሪያ ምንም አልታየም። ከዚያ ያ የወፍጮ ድምፁ ከሣሩ ላይ ተነሥቶ ሁለቱን ሰፈር አቋረጠ። «በጉ የደለበ ከሆነ ላክ፣ ወንድም ጋሼ» አለ። «ድንጋዩ እኔ ቤት አለ፤ አትድከም።» ደምለው እጁን ሰጥቶ አስነሣው። ማን አሸነፈ ካላችሁኝ፣ ላይ ሰፈር ሁለት ለአንድ ይላል፤ ታች ሰፈርም ሁለት ለአንድ ይላል። በሳምንቱ ሥራነሽ ጤፏን ይዛ ሦስት መቶ እርምጃ በእግሯ ሄደች፤ እንደ ሐር የላመ ዱቄትም ይዛ ተመለሰች።

መቼም በማርቆስ ምያለሁና አንዲት ነገር ልናዘዝ። ድስቱ እውነት ነው፣ ዲያቆኑም፣ አህያዋም፣ የዱቄቱም ጣት። ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ብቻ ናት። ጥንጓ በወንድማማቾቹ መካከል ገብታ የደምለው ዱላ ሳተቻት ያልኩት ውሸት ነው። ጥንጓ ያን ጊዜ ሠላሳ እርምጃ ርቃ ዳኛው የሺዋስ እግር ሥር ነበረች።